የትንፋሽ አዎ

ያን ዓመት በወይዘሮ ያኔት ቤት መደንገጥ ተከልክሎ ነበር።

ክልከላው የመጣው በልጇ በማዕዶት ትምህርት ምክንያት ነው። ማዕዶት የአደጋና የጽኑ ሕሙማን ቀዶ ሐኪም ለመሆን ስትማር ኖራ ዘጠነኛውና የመጨረሻው ዓመት ላይ ስትደርስ፣ ሆስፒታሉ ሰው ልኮ ከማቀዝቀዣው በላይ ግድግዳው ላይ አድማጭ አስለጠፈ። አድማጩ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ክብ ነገር ነው። ቤት ውስጥ አንድ ሰው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «ህእ» ካለ፣ በጨዋ የሴት ድምፅ «መልስ አልተሰማም» ይላል። ሌላ ሥራ የለውም።

ያኔት ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ አዎ ያለችው በዚያች ትንፋሽ ነው። የምትደነግጠውም በዚያችው ነው። ስልክ ሲጠራ ሰው የሞተ ይመስላታል፤ በር ሲንኳኳ ሊነግሯት የመጡ ይመስላታል፤ ድመት ከጣሪያ ስትዘል ጣሪያው የተደረመሰ ይመስላታል። ልጅቷም ነገሩን ከእናቷ ጡት ጋር ጠብታዋለች። የያኔት ባል አፋር በረሃ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ስለሚሠራ ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አድማጩ የሚያርመውም ሁለቱን ብቻ ነው።

«እማ፣ ዛሬ ብዙ ተናገረ?» ትላለች ማዕዶት ጫማዋን እያወለቀች።

«አልፎ አልፎ።»

«እኔ በሌለሁበት ምንድን ነው የሚያስደነግጥሽ?»

«አንቺ አለመኖርሽ ነዋ።»

በማዕዶት ዘመን ቀዶ ሐኪም ቢላ አይዝም። የሚቀድደውም የሚሰፋውም ክንድ የሚሉት ማሽን ነው። ክንዱ ያያል፣ ይመክራል፣ ይጠይቃል፤ ሐኪሙ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ያን ሁሉ ዓመት የሚማረው መቼ መፍቀድ፣ መቼ መከልከል እንዳለበት ነው። ያኔት ጎረቤት ሲጠይቃት «ልጄ እሺ ማለት እየተማረች ነው» ትላለች። ጎረቤቶቿ ቀልድ ይመስላቸው ነበር።

ታዲያ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙ በማይነሳ አንድ ሆስፒታል፣ አንዲት ተለማማጅ የምታውቀውን ሰው አልጋ ላይ አይታ በድንጋጤ ትንፋሿን ሳበች። ክንዱ እንደ አዎ ቆጠረውና ሊድን ይችል የነበረ እግር ቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ክንዶቹ የትንፋሽ አዎን እንዳይሰሙ ተደረጉ። ሐኪሞቹም እንዳይሉት ተባለ። ትንፋሹን የለመደ ሐኪም አዎ ያለ ይመስለዋል፤ ክንዱ መልስ ይጠብቃል፤ በዚህ መሐል ደም ይፈሳል። ስለዚህ በመጨረሻው ዓመት ከተለማማጁ አፍ ላይ እንዲጠፋ ይደረጋል። ከአፉ እንዲጠፋ ደግሞ ከቤቱም መጥፋት አለበት።

ያኔት ቀስ በቀስ መላ ፈለገች። ለመደንገጥ ሲዳዳት ጥርሷን ትነክሳለች። ልትስማማ ስትፈልግ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። በስልክ ግን ጭንቅላት አይታይም፤ ባሏ ከአፋር ደውሎ «ደህና ናችሁ?» ሲላት ዝም ትላለች፤ እሱም እዚያ ማዶ ይደነግጣል።

ጠዋት ጠዋት ማዕዶት መታጠቢያ ቤት ገብታ ድምፅዋን ታለማምዳለች። «ያዝ። ቁም። ቁረጥ። ፈቅጃለሁ።» ያኔት ቁርስ እያቀረበች ትሰማለች። ውሃው እየፈሰሰ «ቁረጥ» የሚለው ቃል በሸክላው ላይ ያስተጋባል። ቆይታ ልጅቷ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ትወጣና «እማ፣ ማር አለ?» ትላለች፤ በሌላ ድምፅ፣ በቤቱ ድምፅ።

ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታትም የየራሳቸው ነገር ነበራቸው። መብራት ቢጠፋ ተብሎ በእጅ መስፋት የተማረችበት ዓመት አለ፤ በዚያ ዓመት በቤቱ ያሉት ትራሶች በሙሉ ተቀድደው ተሰፍተዋል፣ ዛሬም ያኔት ስትተኛ ጉንጯ ላይ ስፌቱ ይሻክራታል። መርዶ መንገር የተማረችበት ዓመት አለ፤ መስታወት ፊት ተቀምጣ «በጣም አዝናለሁ» ትል ነበር፣ ፊቷን እያስተካከለች፣ እየደጋገመች። ያኔት ያን ጊዜ ማድ ቤት ገብታ ራዲዮ ትከፍት ነበር።

ማን ይቅደም የሚለውን የተማረችበት ዓመት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። አንድ ዘመድ ሠርግ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ያኔት የልጇ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች።

«ምን እያልሽ ነው?»

«ድንኳኑ ቢወድቅ ማንን አስቀድማለሁ እያልኩ።»

ያኔት ድንኳኑን ቀና ብላ አየች። ምሰሶው ደህና ነው። ቢሆንም ወንበሯን ሳብ አደረገች።

«እኔስ ስንተኛ ነኝ?»

«አንቺን ለሌላ ሐኪም ነው የምሰጠው» አለች ማዕዶት። «አንቺን እያየሁ አላስብም።»

ያኔት ይህን ነገር ስታወጣ ስታወርደው ሰነበተች። መጀመሪያ ከፋት። ኋላ ግን ገባት፤ ከገባት በኋላ ደግሞ ባይገባኝ ይሻል ነበር አለች።

የመጨረሻው ፈተና የሚካሄደው በእውነተኛ ተጎጂ ላይ ነው። ስለዚህ ተጎጂ መምጣት አለበት። የተለማማጁ ቤተሰብ ከቀዶ ክፍሉ ጎን ባለው፣ የምስክር ክፍል በሚባለው ባለመስታወት ክፍል ይቀመጣል። ሲገቡ ያስምሏቸዋል። ምስክር ካልተጠየቀ አይናገርም። ከተጠየቀ የሰማውን ይናገራል፤ ክንዱ ያልሰማውን ቃል ሐኪሙና አንድ ምስክር አንድ ላይ ከሰሙት እንደ ተሰማ ይቆጠራልና። ይህን የሚያነቡላቸው ሠራተኛ እስካሁን የተጠየቀ ምስክር እንደማያውቁ ጨምረው ተናገሩ። ያኔት ግን አንድ ነገር እስካሁን አልሆነም ማለት ዛሬ ይሆናል ማለት ነው ብላ የምታስብ ሴት ናት።

ሆስፒታሉ ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ዳር፣ ኮረብታ ላይ ነው። ከመስኮቱ በታች ሾፌር የሌላቸው የጭነት መኪኖች እንደ ባቡር ተቀጣጥለው ያልፋሉ። ቤተሰቦቹ ምሳ ዕቃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያያሉ። ያኔት ማንም እንዳይጎዳ ትጸልያለች። ወዲያው ደግሞ ልጇ ፈተናውን እንድታልፍ ትጸልያለች። ሁለቱን ማጋጠም ስላልሆነላት በመሐል ትንሽ ዝም የምትልበት ቦታ ታበጃለች፤ አንዱ ጸሎት ሌላውን እንዳይሰማው።

አጠገቧ የተቀመጠው አቶ ኪሩቤል ነው፤ ልጁ ከማዕዶት ቀጥላ ትፈተናለች። ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነው። በሦስተኛው ቀን ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ዳቦ ቆሎ አቀረበላትና ቁልቁል መንገዱን አይቶ ተነፈሰ።

«መንገዱ ሰላም ሆነብን እኮ፣ ወይዘሮ ያኔት።»

ተናግሮ ሲያበቃ የገዛ ቃሉን ሰማው። እጁ ዳቦ ቆሎው ላይ ቀረ።

«ይቅር በለኝ» አለ፣ ለማን እንደሆነ ሳይለይ።

«እኔም አስቤዋለሁ» አለችው ያኔት።

ከሰዓት በኋላ ከክፍሉ ጣሪያ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ሁሉም ምሳ ዕቃውን ዘጋ።

ያመጡት ሰው ባስልኤል ይባላል፤ ስሙን ክንዱ ከጣቱ አሻራ አንብቦ በድምፅ ማጉያው ተናገረ። በመንገድ ዳር ሽንኩርት የሚሸጥ ሽማግሌ ነው። ከመኪኖቹ ሰልፍ የተፈታ ተሳቢ የሽንኩርት ዳሱ ላይ ወጥቶበታል። አንገቱ በማሰሪያ ተይዟል፤ ፊቱ አብጦ ዓይኖቹ ተደፍነዋል፤ ጉሮሮው ስለተመታ ድምፅ የለውም። ሸሚዙ ላይ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ተጣብቋል። ወደ ግራ እግሩ ያኔት አንድ ጊዜ አየችና ሁለተኛ አላየችም።

ማዕዶት ከአልጋው ራስጌ ቆማለች። ከኋላዋ ፈታኟ ዶክተር ፍሬስብሐት እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ግራ እግር አይድንም» አለ ክንዱ። «ካልተቆረጠ ተጎጂው አይተርፍም። ቅድመ ፈቃድ አላስመዘገበም። ቃሉ ይጠየቅ።»

ሰው ሳይፈቅድ አይነካም። ይህ የሕጉ የመጀመሪያው መስመር ነው፤ ሕፃናት ትምህርት ቤት ይዘምሩታል። ዓይን መጨፈንና ጣት ማንቀሳቀስ እንደ ቃል መቆጠራቸው ከቀረ ቆይቷል፤ ሰው ሳያስበውም ዓይኑን ይጨፍናል ተብሎ። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ድምፅ ያላሰማ ተጎጂ ወደ ጸጥታ ክፍል ይወሰዳል። ጸጥታ ክፍል ሕመም የለም፤ መድኃኒቱ ጥሩ ነው፣ ክራርም በቀስታ ይሰማል። ከዚያ የተመለሰ ሰው የለም።

«አቶ ባስልኤል፣ ግራ እግርዎ እንዲቆረጥ ይፈቅዳሉ?»

ከድምፅ ማጉያው ትንሽ ነገር መጣ። «ህእ»።

«መልስ አልተሰማም» አለ ክንዱ።

ያኔት የራሷን አዎ የሰማች መሰላት። ወዲያው ግን ራሷን ተጠራጠረች። ሰውየው ደረቱ የተመታ ነው፤ አየር አጥሮት ይሆናል። ትንፋሽ ሁሉ አዎ አይደለም። ይህን ከእሷ የበለጠ ማን ያውቃል?

«አቶ ባስልኤል፣ ግራ እግርዎ እንዲቆረጥ ይፈቅዳሉ?»

«ህእ»።

«መልስ አልተሰማም። አንድ ጥያቄ ይቀራል።»

«ቁም» አለች ማዕዶት።

ክንዱ ቆመ። ማዕዶት ጎንበስ ብላ አፏን ወደ ሰውየው ጆሮ አስጠጋች። ድምፅዋ ተለወጠ። የመታጠቢያ ቤቱ አልነበረም፤ ማር አለ ወይ ብላ የምትጠይቅበት ነው።

«ጋሼ፣ ማዕዶት እባላለሁ። አይዞዎት፣ አጠገብዎ ነኝ። ስምዎ ዮናታን ነው?»

የሰውየው ትንፋሽ እንደ ደነዘ መጋዝ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሌላ ነገር የለም።

«ባስልኤል ነው?»

«ህእ»።

«ጤፍ ነው የሚሸጡት?»

መጋዙ ብቻ።

«ሽንኩርት?»

«ህእ»። ይህኛው ፈጠን ያለ ነበር፤ ጤፍ በመባሉ ቅር ያለው ይመስላል።

በምስክር ክፍሉ ውስጥ አቶ ኪሩቤል ሊስቅ ቃጣውና አፉን በመዳፉ ያዘ።

«ጋሼ ባስልኤል፣ ግራ እግርዎ ተጎድቷል። ካልወሰድኩት እርስዎን አጣዎታለሁ። ልውሰደው?»

ዝም። መጋዙ ሄደ፣ ተመለሰ። ሄደ፣ ተመለሰ። ያኔት ሰውየው እያሰበ መሆኑን አወቀች። እግሩን እያሰበ ነው። በእግሩ የሄደበትን እያሰበ ነው።

«ህእ»።

ማዕዶት ቀና አለች።

«ፈቅደዋል።»

«ማዕዶት» አለ ዶክተር ፍሬስብሐት በለሆሳስ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይኑ ወለሉ ላይ ነው። «ክንዱ አልሰማም።»

«እኔ ሰምቻለሁ።»

«አንቺ ብቻሽን አትበቂም። ወደ ጸጥታ ክፍል ብታሳልፊው ሥርዓቱን ጠብቀሻል፤ አልፈሻል። ዛሬውኑ ሐኪም ነሽ። ቆርጠሽው ነገ ሰውየው አልፈቀድኩም ቢልሽ ግን ልረዳሽ አልችልም። ያ ሁሉ ዓመት ገደል ገባ ማለት ነው።»

«ገብቶኛል፣ ዶክተር። ምስክር ይጠየቅልኝ።»

ወደ መስታወቱ አልዞረችም። ዓይኗ ሰውየው ላይ ነበር። አንቺን እያየሁ አላስብም ብላታለች፣ ያኔት ትዝ አላት።

«ምስክር» አለ የክንዱ ድምፅ፣ በዚህኛው ክፍል ውስጥ፣ ከራሷ በላይ። «የተጎጂውን ፈቃድ ሰምተዋል?»

ያኔት መለሰች። መመለሷን እርግጠኛ ነበረች።

«መልስ አልተሰማም።»

አቶ ኪሩቤል ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ወይዘሮ ያኔት» አለ፣ ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ። «አልሰማሁም ማለት ይቻላል እኮ። ማንም አይወቅስዎትም። ልጅዎን ያስቡ።»

የምታስበው ልጇን ነው። ከልጇ ሌላ ነገር አስባ አታውቅም። ክፉውን ሁሉ አስቀድማ ያሰበችው ልጇን እንዳያገኛት ነው፤ እሷ ካሰበችው የሚቀር እየመሰላት። ይህን ግን አላሰበችውም ነበር፤ ክፉው ነገር መጥቶ ፈቃዷን ይጠይቀኛል ብላ አላሰበችም። የተቀደዱት ትራሶች መጡባት። መስታወቱ ፊት የተስተካከለው ፊት መጣባት። አንዲት ቃል በዚያ ሁሉ ልፋት ላይ ውሃ ልትደፋ ነው። ቃሏን ባታወጣ ደግሞ የሚሞተው የማታውቀው ሰው ነው፤ ልጁም ሚስቱም እዚህ የሉም፤ ክራር ይሰማል፣ አይታመምም።

«ምስክር፣ የተጎጂውን ፈቃድ ሰምተዋል?»

«ህእ» አለች ያኔት።

«መልስ አልተሰማም። አንድ ጥያቄ ይቀራል።»

ይህን ያህል ቀላል ነው። ምንም መዋሸት አያስፈልጋትም። እንደ ወትሮዋ ሆና፣ እንደ ዕድሜዋ ሁሉ ብትመልስ ይበቃል። ለአምላኳም ለራሷም ተናግሬ ነበር ማለት ትችላለች። ማሽኑ ነው ያልሰማኝ። ልጇ ወደ ቤት ትመጣለች፣ ሐኪም ሆና፣ ግድግዳው ላይ ያለው ነገር ይነቀላል።

ከመስታወቱ ማዶ መጋዙ ሄደ፣ ተመለሰ። ሰውየውም ለክንዱ ሁለት ጊዜ ተናግሮ ነበር። እሱም ተናግሬያለሁ ብሎ እየጠበቀ ነው።

«ምስክር፣ የተጎጂውን ፈቃድ ሰምተዋል?»

ያኔት ደረቷን በአየር ሞላች። አዎ የሚለውን ቃል አላመነችውም፤ አፏ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ የሚመለስ ቃል ነው። ወደ ውስጥ ሊባል የማይችል ቃል ፈለገች።

«ሰምቻለሁ» አለች። ከጠበቀችው በላይ ጮክ አለባት። «ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

«ተመዝግቧል» አለ ክንዱ። «ሐኪም?»

«ፈቅጃለሁ» አለች ማዕዶት። «ቁረጥ።»

ድምፅዋ ወደ ውጭ ነው የወጣው። ንጹሕ ነበር። ያኔት ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች፤ መኪኖቹ እንደገና ተቀጣጥለው ይሄዱ ነበር።

ባስልኤል ተረፈ። መናገር ሲጀምር ኮሚቴው አልጋው ድረስ ሄዶ ያን ቀን ፈቅዶ እንደሆነ ጠየቀው። «አላስታውስም» አለ። መድኃኒቱ እንደዚያ ያደርጋል። ፈቀድኩ ስላላለ ማዕዶትን ማሳለፍ አልቻሉም፤ አልፈቀድኩም ስላላለ ማባረርም አልቻሉም። አንድ ዓመት ጨመሩባት፤ በቤቱ ያለውም አድማጭ ባለበት እንዲቆይ አዘዙ። የአቶ ኪሩቤል ልጅ በሳምንቱ አለፈች። መንገዱ ሰላም አልሆነም ነበር።

ያኔት ብርቱካን ይዛ ሽማግሌውን ልትጠይቅ ሄደች። ማን እንደሆነች ነገረችው። በሻከረ ድምፅ «ምስክሯ አንቺ ነሽ?» አላት።

«እኔ ነኝ። በእውነት አያስታውሱም?»

«እኔ የማስታውሰው ሽንኩርቱ ሲንከባለል ነው። ቁልቁል። ያን ሁሉ ሽንኩርት።» ብርድ ልብሱ ጠፍጣፋ የሆነበትን ቦታ አየ። «አዎ ብያለሁ ነው የምትሉት?»

«ብለዋል። ጤፍ ነው ወይ የሚሸጡት ስትልዎ ዝም አሏት። እግሩን ስትጠይቅዎ አስበው ነው የመለሱት።»

«ጤፍ» አለ ባስልኤል፣ በንቀት። «እንግዲህ ካልኩ ብያለሁ» አለ። «ለኮሚቴ ሰዎች ያላየሁትን አልመሰክርም። ለልጅቱ ግን ካልኩ ብያለሁ በያት። ስወጣ ሽንኩርት እልክላታለሁ።»

ሽንኩርቱ ከክረምቱ በፊት መጣ፣ በጆንያ። ያኔት በዚያ ቀን ከእሱ ከትፋ ወጥ ሠራች። ማዕዶት ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፊቷ መርዶ የነገረችበት ቀን ፊት ነበር፤ ያኔት አሁን ያን ፊት ትለየዋለች። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም።

«ርቦሻል?» አለቻት።

ማዕዶት ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መለሰች።

«ህእ»።

«መልስ አልተሰማም» አለ አድማጩ ከማቀዝቀዣው በላይ።

ያኔት ሳህን አነሳችና ወጡን ጨለፈችላት።